የጋሽ መኩሪያ እንግዳና የኦክላሆማው መሬት

ለንደን ውስጥ እኔን መርዕድን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ከቤቱ የማይወጣ ነው። መኪና መንዳት ሳስተምር ግማሹን የከተማ ሕዝብ መንጃ ፈቃድ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ ቀሪው ግማሽም ቢሆን ከእኔ ተማሪዎች ነው የተማረው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ያን ቀን በመኪናዬ ውስጥ የተባለውን የሰማው ተራ ሰው አለመሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው። እንዲያም ሆኖ ከንግግሩ ሁሉ አንድ ቁም ነገር እንኳ ከእኔ አፍ አልወጣም። ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ይቆጨኛል።

የእህቴን ልጅ ቃልኪዳንን ክሮይደን ላደርሳት ከሃርልስደን እየወጣሁ ነበር። ቃልኪዳን ሕግ ተምራ የመሬትና የማዕድን ውል የሚመረምር ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ቢሮው ያለ እሷ ግማሽ ቀን አይውልም ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ፤ እሷ ግን ገና ጀማሪ ነኝ ትላለች። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስንደርስ ጋሽ መኩሪያ ዝናብ እየወረደባቸው፣ አንድ ትልቅ ፖስታ ካፖርታቸው ውስጥ ሸጉጠው ቆመው አየናቸው።

"ጋሽ መኩሪያ፣ ይግቡ እንጂ። በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?"

"ክሮይደን ነበር ልጄ። ባቡሩ ተሰርዟል አሉኝ።"

"ክሮይደን ለእኔ መኪና ምን አላት? ዓይንዎን ጨፍነው ሲገልጡ እዚያ ነን።"

ጨፍነው ቢሆን ኖሮ ጥሩ እንቅልፍ ያገኙ ነበር። መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር ገና ከመነሳታችን ተቆለፍን።

ጋሽ መኩሪያ የሃርልስደን ሽማግሌ ናቸው። ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፣ ዕቁብ ይዳኛሉ። እሳቸው የዳኙት ዕቁብ የእንግሊዝን ባንኮች ሁሉ ያስንቃል ብል ማጋነን አይሆንም። ከአገር የወጡት በተማሪነት ዘመናቸው ነው፤ አማርኛቸውም እዚያው ዘመን ላይ ቆሞ የቀረ፣ የሚያምር አማርኛ ነው።

"ክሮይደን ምን ሊሠሩ ነው ጋሼ?" አለች ቃልኪዳን ዞር ብላ።

"ኖተሪ ዘንድ ነው የምሄደው። ፊርማዬን ሊያረጋግጥልኝ። ወንድሜ ተክለአብ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ መሬት ትቶልናል፤ ለእኔና ለእህቴ ለሮማንወርቅ፣ እኩል በእኩል። አሁን የነዳጅ ካምፓኒ ከሥሩ ያለውን ልከራይ ብሎ መጣ። በዚያ አገር ከመሬት በታች ያለውም የባለመሬቱ ነው አሉ። ይገርማል እኮ። በእኛ አገር ከላይ ያለውም የእኛ አልነበረም።"

"እዚህም ቢሆን ነዳጁ የዘውዱ ነው ጋሼ። ለዚህ ነው ሰዎቻችን ይህን ዓይነት ውል የማያውቁት። ወረቀቱን አነበቡት?"

ጋሽ መኩሪያ ፖስታውን ጠበቅ አደረጉት።

"ማንበብ አያስፈልገኝም ልጄ። ቤንጃሚን ሁሉንም ነግሮኛል።"

"ቤንጃሚን ማነው?"

"የካምፓኒው ሰው ነዋ። ቤቴ ድረስ መጣ። እጁን ታጠበ፤ ማንኪያ ስንሰጠው አልፈልግም ብሎ በእጁ በላ። አጎረስኩት። አንድ ብቻ ጠብ ያመጣል ስለው ሁለተኛውንም ጎረሰ፣ ሦስተኛውንም። ፋዘር ነው የሚለኝ። የራሴ ልጆች እንኳ እንደዚያ አክብረው አይጠሩኝም።"

"እና ወረቀቱን እዚያው አልተመለከቱትም?"

"እንግዳዬ ፊት ቁጭ ብዬ ወረቀት ላገላብጥ? ምን ማለት ነው ያ? አንተ ውሸታም ነህ ማለት እኮ ነው። ከእጄ ከጎረሰ ሰው ጋር እንደ ሃክኒ ገበያ ልከራከር?"

እዚህ ላይ እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ፤ ስምምነቴን ለመግለጽ። እውነቱን ልናገርና እኔም ብሆን ከዚህ የተለየ አላደርግም ነበር። እንዲህ ነው ያደግነው። ስጋችንን እንኳ ከባለሥጋ ቤቱ ጋር ተከራክረን የምንገዛ ሰዎች፣ ትልቁ ነገር ሲመጣ ግን ይሉኝታ አፋችንን ይይዘዋል።

ቃልኪዳን ግን አንገቷን አልነቀነቀችም።

"ጋሼ፣ ከእጅዎ የጎረሰው ቤንጃሚን ነው። ውሉን የሚዋዋልዎት ካምፓኒው ነው። ካምፓኒ ደግሞ አይጎርስም። ቤንጃሚን ነገ ሥራ ቢቀይርስ? ካምፓኒው ውሉን ለሌላ ቢሸጠውስ? አዲሱ ገዢ የእርስዎን ማዕድ የት ያውቀዋል?"

"አንቺ ልጅ፣ ሰው ሁሉ ሌባ ነው ብለው ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ?"

"ሌባ አላልኩም። ምን ምን ብሎ ቃል እንደገባልዎት ይንገሩኝና ወረቀቱ ላይ እንፈልገው። ከተገኘ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ጋሽ መኩሪያ ይህን ፍርድ ወደዱት፤ ሽማግሌ አይደሉ። ፖስታውን ሰጧት።

"አንደኛ፣ ነዳጅ ከወጣ ጥሩ ድርሻ አለን። ሁለተኛ፣ ከድርሻችን ምንም አይቀነስም። ሦስተኛ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ይቆፍራሉ። አራተኛ፣ ኩሬውን አይነኩም። ከሁሉም እሱ ነው ለእኛ። ተክለአብ በገዛ እጁ ነው የቆፈረው፣ ዙሪያውን ዛፍ የተከለው። ሮማንወርቅ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። አንድ ቀን ሄጄ ውኃው ዳር ልቀመጥ ነው የምትለው።"

ቃልኪዳን እያነበበች በአማርኛ ትፈታላቸው ጀመር፤ የሕጉ እንግሊዝኛ ሲከብዳት "ቤዚካሊ፣ በአጭሩ" እያለች ታልፋለች።

"ድርሻዎ ከስምንት አንድ ነው። በአሁኑ ጊዜ ጠንከር ብሎ የተደራደረ ሰው ከአምስት አንድ ያገኛል። ከዚያም ላይ የማጓጓዣና የማጣሪያ ወጪ ይቀነሳል ይላል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ቃል የለም። የውሉ ዘመን አምስት ዓመት ነው፤ በአንድ ዓመት እንቆፍራለን የሚል አላገኘሁም። አንዲት ጉድጓድ ጥቂት ካመነጨች ደግሞ ዘመኑ ቢያልቅም መሬቱን በሙሉ እንደያዙ ይቀራሉ። ለእርስዎም፣ ለልጆችዎም አይመለስም።"

"ኩሬውስ?"

"ለሥራው የሚያስፈልገውን ቦታና ውኃ በሙሉ መጠቀም ይችላል ነው የሚለው።"

"አይሆንም። ሰውዬው ዓይኔን እያየ ነው የነገረኝ።"

"ምናልባት ከልቡ ነግሮዎት ይሆናል። ግን መጨረሻው ላይ፣ ከዚህ ወረቀት ውጭ በቃል የተባለ ነገር ሁሉ አይቆጠርም ይላል።"

ጋሽ መኩሪያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔ በዚህ መሐል ስለ ነዳጅ የማውቀውን ሁሉ ለማካፈል ጉሮሮዬን ብጠራርግ፣ ቃልኪዳን በዓይኗ አስቆመችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው።

"ጋሼ፣ ዕቁብ ላይ ቀድሞ የደረሰው ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ምን ያመጣል?"

"ዋስ ያመጣል። ምን ይጠየቃል ይኼ?"

"ዲያቆን ቢሆንስ?"

"ዲያቆንም ያመጣል። ባለፈው የክርስትና ልጄን ዋስ ጠይቄዋለሁ።"

"ሌባ ነው ብለው ነው?"

"ኧረ በጭራሽ። ሰው ነው፤ ይቸግረዋል፣ ይፈተናል። ዋስ ካለው አይፈተንም፤ እኔም ሳልጠራጠረው ሰላም እለዋለሁ። ዋስ እኮ ወዳጅነት እንዳይበላሽ..."

አረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ቃልኪዳንም አልጨረሰችላቸውም፤ ይህን ትዕግሥት ከእኔ ዘመድ ወርሳዋለች ማለት አልችልም።

"ከክርስትና ልጄ የጠየቅኩትን ዋስ፣ ለማላውቀው ካምፓኒ ተውኩት" አሉ በመጨረሻ።

"ውሉ ነው የቤንጃሚን ዋስ። ይደውሉለትና ቃሉን እንዲጽፍልዎት ይጠይቁት። ክፉ ቃል መናገር አያስፈልግም።"

ደወሉ። ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ አደረጉት።

"ፋዘር፣ ኖተሪው ጋ ደረስክ?"

"ገና ነኝ ቤንጃሚን። ስለ ኩሬው የነገርከኝን ወረቀቱ ላይ ጻፍልኝ።"

"ፋዘር፣ ፎርሙ ለሁሉም አንድ ነው። መነካካት አልችልም፤ አለቆቼ አይፈቅዱም። ግን ቃሌን ሰጥቼሃለሁ። እህትህ እኮ ምንም ሳትል ነው የፈረመችው።"

ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ክፋት ቢኖርበት ይሻለን ነበር፤ የምንናደድበት ሰው እናገኝ ነበር።

ጋሽ መኩሪያ ስልኩን ዘጉት። መንገዱ ተከፍቶ ከኋላችን ያሉት ጥሩንባ ቢነፉም እኔ አልተንቀሳቀስኩም።

"ሮማንወርቅ ፈርማለች እንዴ?" አልኩ።

"ባለፈው ሳምንት። እኔ ነኝ ኖተሪው ዘንድ የወሰድኳት። ወንድምጋሼ፣ አስነብበኸዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንግዳዬን ትጠረጥሪያለሽ ብዬ ተቆጣኋት። ዝም ብላ ፈረመች።" ከዚያ ወደ ቃልኪዳን ዞሩ። "በእኔ ግማሽ ላይ ኩሬው እንዳይነካ ብናስጽፍ ይበቃል፣ አይደለም?"

"ግማሹ በካርታ የተለየ አይደለም ጋሼ። መሬቱ በሙሉ የሁለታችሁ ነው። ካምፓኒው በእሷ ፊርማ ገብቶ የፈለገበት ቦታ መሥራት ይችላል።"

"ማስፈረሱስ?"

"ለመሞከር እንሞክራለን። ግን ተመዝግቦ ከሆነ ተስፋ አልሰጥዎትም።"

"እንግዲያው ክሮይደን ምን እሠራለሁ?" አሉ ጋሽ መኩሪያ። "መርዕድ፣ ወደ ሃክኒ፣ ወደ ሮማንወርቅ ቤት አዙረው።"

አዞርኩት። በሌላ ቀን ቢሆን አዟዟሬን ለአንድ ሳምንት አወራው ነበር።

ሮማንወርቅ በሩን የከፈተችልን ሽንኩርት ስትከትፍ በነበረ እጇ ነው። "ወንድምጋሼ፣ ሳትደውል?" አለች። እሳቸው ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነገሯት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ራሳቸውን ሳይከላከሉ። ሲጨርሱ እጇን ታጠበች፣ የእሷን ቅጂ ከመሳቢያ አወጣችና ለቃልኪዳን ሰጠቻት።

"በሙሉ አንብቢልኝ። እንዳትዘይልኝ።"

ቃልኪዳን በሙሉ አነበበችላት። ስለ ውኃው የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ሮማንወርቅ እንደገና አስነበበቻት። ከዚያ ወንድሟን አየቻቸው።

"ጠይቄህ ነበር እኮ" አለች። ቁጣ የለበትም።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ መኩሪያ ሌላ ሰው ሆኑ። እዚያው ኦክላሆማ ያለ፣ ከካምፓኒው ምንም የማይከፈለው ጠበቃ በቃልኪዳን በኩል ያዙ። አልፈርምም ብሎ መቀመጡም እንደማያዋጣ፣ የኦክላሆማ መንግሥት መሥሪያ ቤት የማይፈርመውንም ባለመሬት አስገድዶ ሥራው ውስጥ ሊያስገባ እንደሚችል ከእሱ ተረዱ። ተደራደሩ። ካምፓኒው "ፎርሙ አይነካም" ሲል ከርሞ ነካው። ከአምስት አንድ ድርሻ አገኙ፤ ወጪ አይቀነስባቸውም፤ በሦስት ዓመት ያልተሠራበት መሬት ወደ እሳቸው ይመለሳል። የሮማንወርቅን ውል ለማሻሻል ግን ካምፓኒው እሺ አላለም፤ ምን አስገድዶት።

አሁን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ሰው ሰብስበው የሚመክሩት እሳቸው ናቸው። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ድምፄን እጨምርበታለሁ፤ ድምፄ እንደሚታወቀው ያለ ማይክሮፎን ሦስት ሰፈር ያዳርሳል። ውል ይዞ የመጣን እንግዳ አብሉት፣ አጠጡት፣ ሸኙት፤ ወረቀቱን ግን አስቀሩት ይላሉ። ከቤተሰብ ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በአፍ የተነገራችሁን ሁሉ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሐቀኛ ሰው በዚህ አይቀየምም፣ የሚቀየም ከሆነም ቀድማችሁ አወቃችሁት። የመሬቱን አገር ሕግ የሚያውቅ፣ የእናንተ የሆነ ጠበቃ ያዙ። ወንድምና እህት የጋራ ንብረት ካላችሁ አብራችሁ ተደራደሩ፣ በአንድ ቀን ፈርሙ። ታናሽ ስትጠይቅ ታላቅ አይቆጣ። እንዲህ ያደረገ ሰው ድርሻው ይበዛለታል፣ መሬቱ ለልጆቹ ይተርፋል፣ ከእንግዳውም ጋር በወዳጅነት ይለያያል። ሰውም ሰምቷቸው ገና ያልፈረመውን ውል እየያዘ ወደ ቃልኪዳን ይመጣል።

ሮማንወርቅ ምክሩን ለመስማት አንድ ጊዜ መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ነበር።

በመጸው ወራት ማሽኖቹ ገቡ። ኩሬው ለሥራው ተፈልጎ ተደፈነ፤ ቤንጃሚን በጊዜው ሌላ ካምፓኒ ተቀጥሮ ስለነበር አልሰማም። የመጀመሪያው ክፍያ ሲመጣ ጋሽ መኩሪያ የሁለቱንም ድርሻ ደምረው እኩል አካፈሉ፤ ሮማንወርቅም አመስግና ተቀበለች። ኦክላሆማ ልትሄድበት የያዘችውን የአውሮፕላን ትኬት ግን መለሰችው።