ድላዋር በክፍል ሁለት አልሞተም

ዓመቱ 2022 ነው፤ ሜይ ገና መግባቱ። ሙቀቱ አርባ አምስት ዲግሪ ደርሷል፤ ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ ንፋስ ይነፍሳል፤ ደመና የለም። ስንዴው ታጭዶ ገብቷል። ዒድ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ኑር ሰመንድ ጢሙን ሊያስተካክል ኒም ዛፍ ሥር ካለው የፀጉር አስተካካዩ የፊካ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኑር ሰመንድ ነገር የማያበዛ ገበሬ ነው። ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ እርሻ የገባ፣ ልጆቹን በዓይኑ ብቻ የሚያዝ ሰው ነው። በመንደሩ «ከኑር ሰመንድ የሚያልባት ጎሽ ተጫዋች ናት» ይባላል።

ፊካ ደግሞ ሥራውን ይወዳል፤ ወሬን ግን ከሥራው አብልጦ ይወዳል። ታላቅ እህቱ በኑር ሰመንድ እርሻ ጥግ ላይ ያለውን መቃብር የሚጠብቀው ሰው ሚስት ናት። ከዚህ ወንበር ላይ የተነገረ ነገር ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚያ ቤት ይገባል። ኑር ሰመንድ ይህን ያውቃል። ያን ጥግ ይፈልገዋል። ልጁ ሱግራ ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴቶች ልጆቿን ይዛ ተመልሳለች፤ ዓመት ሙሉ ከወንድሟ ሚስት ጋር በአንድ ክፍል ተጨናንቃ ታድራለች። አንድ ክፍል ቤት ሊሠራላት ቃል ገብቶላታል፤ ከዚያ ጥግ በቀር ደግሞ ቤት የሚቆምበት ደረቅ መሬት የለውም።

ፊካ አረፋውን ቀባው። ኑር ሰመንድ አፉን ከፈተ።

«ዒድ ደኅና ዋለ ፊካ? ልጆቹ ደኅና ናቸው? ሚስትህ የላከችልንን የወተት ጣፋጭ በላን፤ እጇ ይባረክ። ስኳሩ ትንሽ በዛ። ግን በበዓል ቀን ስኳር በዛ ብሎ የሚያማርር ሰው በሌላውም ቀን አይጠግብም… ሙቀቱንስ እንዴት አገኘኸው? ጎሾቹ ከቦዩ አንወጣም ብለዋል። እኔም አብሬ ልገባ ምንም አልቀረኝም፤ የያዘኝ ሽበቴ ነው።»

ፊካ ምላጩ ከእጁ ሊወድቅ ነበር። ከዚህ ሰው አፍ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም።

«ትናንት ማታ መንደር ውስጥ ክፍል ሁለቱን ፊልም ሲያሳዩን ከሱቁ በር ላይ ሆነህ ስታይ አየሁህ። ኦቾሎኒ እየፈለፈልክ ነበር። እኔ መቼም የፊልም ሰው አይደለሁም። የመጀመሪያውንም ያየሁት እዚሁ እኛ መንደር ስለተሠራ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው? አንተ ያኔ ልጅ ነበርክ። በትራክተር ተጭነን ከተማ ድረስ ሄድን፤ ሲኒማ ቤቱ ዛሬ የሰርግ አዳራሽ ሆኗል። ድላዋር የተባለው ጀግና የኔን ሰናፍጭ እየረገጠ ሲዘፍን አየሁና ‹ይኼ ሰው ቢሞት አላዝንም› አልኩ። ሞተም! በጥይት መቱት። እዚያው እርሻዬ ጥግ፣ ከግራሩ ሥር ቀበሩት። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ አለቀሰለት፤ ለልቅሶውም ፊልመኞቹ ምሳ አበሉን። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ከምሳ በኋላማ ጭራሽ ማን ይከልክለው!

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ግን ክፍል ሁለት በሚሉት ነገር ላይ የራሴ ሐሳብ አለኝ። ሸንኮራ የሚጨመቀው አንድ ጊዜ ነው። የተጨመቀውን አገዳ መልሰህ ብታስገባው የሚወጣው የመጭመቂያው ጩኸት ብቻ ነው። አላየኸውም? ድላዋር ያንኑ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ ቁልፎቹ ግን ከሆዱ ጋር ተጣልተዋል። ጢሙንም ያጠቆረለት ሰው እንዳንተ ያለ ባለሙያ አይደለም፤ አንተ ብትሆን ጆሮውን አብረህ አታጠቁርም ነበር። ሴቲቱ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው ኖረች አሉ። ስትጠብቀው ዕድሜዋ ወደ ኋላ ሄዶ ነው መሰለኝ፣ ያኔ ሃያ አምስት የነበረችው ዛሬ ሃያ ሆና አገኘናት! ወንዱ ሲያረጅ ሴቷን የሚለውጡት ለምንድን ነው? ያቺኛዋ ምን አጠፋች? ክፉው ሰውዬስ? በመጀመሪያው አንገቱን ተቆርጦ ነበር፤ አሁን ‹መንታ ወንድሙ ነኝ› ብሎ ብቅ አለ። አገሩ በሙሉ መንታ ነው እንዴ?

ተው እንጂ አትሳቅ፤ ምላጭ ይዘሃል።

ባለፈው ክረምት ደግሞ ያንን የድሮ ተከታታይ ድራማ ከሞተበት አስነሥተውት አልነበር? አማቲቱን የምትጫወተዋ ሴት በእውነት ሞታለች። ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ምራቶቹ ለፎቶው ሻይ ሲያቀርቡ፣ ፎቶውን ሲማከሩ፣ ፎቶውን ሲፈሩ አየን። ቤቴ ያሉት ሴቶች አለቀሱ። እኔ ግን ‹ኧረ ሴትዮዋን ተዉአት ትረፍ› አልኩ። ያለቀ ነገር አለቀ ማለት ምን ያስቸግራል? የሞተ ነገር ላይ የሚኖር ሰው አለ እንዴ ፊካ?… ግራ ጢሜን አሳጠርከው። ግድ የለም።

ያም ሆኖ እውነቱን ልንገርህ፦ እንደ ትናንቱ ያስደሰተኝ ፊልም የለም። መንደሩ ሁሉ ሲያማው የወደድኩት እኔ ብቻ ነኝ። መብራቱ የጠፋው የት ላይ ነበር? ድላዋር ወደ መቃብሩ ሊደርስ ሲል! ያኔ አንድ ሰው ከፊት ተነሥተው ‹በቃ፣ በዓል ነው፣ ወደየቤታችሁ ግቡና ዱዓ አድርጉ› ያሉትን ሰማህ? ምን ያሉ አሳቢ ሰው ናቸው! ለሰው ነፍስ እንዲህ የሚጨነቅ ዛሬ የት ይገኛል? እኔ ግን ኃጢአተኛ ነኝ፤ ሮጬ የትራክተሬን ባትሪ ፈትቼ አመጣሁ። ከተወለድኩ የአንድ ነገር መጨረሻ ለማየት እንደዚያ ቸኩዬ አላውቅም።

መጨረሻውንም አየን። ድላዋር ቆፈረ፤ ጆንያ አወጣ፤ በጩቤ ቀደደው፤ ጭድ ተዘረገፈ። ‹እኔ መቼ ሞትኩና! ስታለቅሱለት የኖራችሁት ጭድ ነው› አለ። ልጆቹ ሳቁ። ከቦዩ ማዶ የመጡት ሴቶች ግን አልሳቁም… እርስ በርሳቸው ተያዩ።»

ፊካ አረፋውን እንደገና መቀባት ጀመረ፤ አረፋ ግን አላስፈለገም ነበር። እጁ ሥራ ፈትቶ እንዳይታይበት ነው።

«አንተ ልጅ ስለነበርክ አታስታውሰውም። ድላዋርን የሚጫወተው ሰውዬ ጉድጓድ አልገባም አለ፤ ልብሱ ይቆሽሽበታላ! ስለዚህ ጆንያ ጭድ ሞልተው፣ ከፈን አልብሰው ቀበሩ። ጭዱ የኔ ነው፤ ጆንያውም የኔ። የሰፋው ግን… ማን ነበር የሰፋው? እጁ የተባረከ አንድ ወጣት ነበር። ‹ትከሻው ይህን ያህል ይበቃል? ራሱስ አልተለቀም?› እያለ ጭዱን እየጠቀጠቀ ሲሰፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ስሙ ጠፋኝ። እርጅና ነው… እህትህን እስቲ ጠይቃት፤ ሴቶች እንዲህ ያለውን አይረሱም።

ፊልመኞቹ ሲሄዱ ‹መቃብሩን አፍርሱልኝ› ብላቸው ‹ነገ› አሉ። በዓመቱ ከማዶ የአንዲት ሴት ጎሽ ጠፋች፤ ስትፈለግ መቃብሩን ስትጭር ተገኘች። ተአምር ተባለ። የራባት ጎሽ ጭድ ያለበትን ታሸታለች፤ ግን እኔ ምን አውቃለሁ? የአራተኛ ክፍል ሰው ነኝ። ግራሩ ላይ ጨርቅ ታሰረ፤ ሐሙስ ሐሙስ መብራት በራ። ለጥቆ ደግሞ ጠባቂ ተገኘ። እሳቸውን ማለቴ ነው… ዛሬማ ‹አንተ› ማለት ነውር ሆኗል።

እንዴት ያሉ ሰው ናቸው እባክህ! ያንን መቃብር እሳቸውን ያህል የሚያውቀው ማን አለ? ከውስጥ ጀምሮ ነው የሚያውቁት። ሌላው ሰው የሚያምነው ስለማያውቅ ነው፤ ይኼ ምን ይደንቃል? እያወቁ ሃያ ዓመት ማመን ግን… ይኼ ተራ እምነት ነው እንዴ ፊካ? አባቴ እግሩ አብጦ እውነተኛ ወልይ፣ የአላህ ወዳጅ፣ ካረፈበት መቃብር ደጃፍ ድረስ ሦስት ቀን በእግሩ ሄዷል፤ እሱ እንኳ እዚህ ደረጃ አልደረሰም።

ትጋታቸውስ! እኔ በየዓመቱ አርሳለሁ፤ እርሻዬ ግን አንዲት ጋት አይጨምርም። እሳቸው ሳያርሱ ይሰፋላቸዋል። በመጀመሪያ አጥር፤ ከዚያ ጎጆ፤ ከዚያ ለእንግዳ ማረፊያ፤ ዘንድሮ ለዶሮዎቹ። ባለመቃብሩ በሕልም እየመጡ ‹ጠበበኝ› ይሏቸዋል አሉ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ… ለነገሩ ሙቱ የታለ? ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ ሰው ግን ከውሻ ይበልጣል፤ በበላበት ይጸልያል።»

እዚህ ላይ ኑር ሰመንድ ያለፈው ዓመት ትዝ አለው። በመስጊዱ በር ላይ ጥጉን እንዲለቅለት ጠባቂውን በደኅና ቃል ጠይቆት ነበር። ጠባቂው በሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ «የወልይን መሬት የሚመኝ ሰው ከቤቱ ሬሳ ይወጣል» አለው። ሁለት ወር ሳይሞላ የሱግራን ባል ወባ ገደለው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ጠባቂ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱግራ ባሏን የገደለው የአባቷ ምኞት እንደሆነ ታስብ ይሆን እያለ ኑር ሰመንድ ዓይኗን ማየት ይፈራል። እሷም በግራሩ በኩል አታልፍም፤ ልጆቿን ይዛ በቦዩ ዞራ ነው የምትሄደው።

ምላጩ አንገቱ ላይ ቆሟል። ኑር ሰመንድ ድምፁን ሳይለውጥ ቀጠለ።

«አሁን የሚያሳስበኝ የእሳቸው ነገር ነው። ዛሬ ሐሙስ አይደል? ሴቶቹ የመብራት ዘይታቸውን ይዘው ቢመጡ ምን ይሏቸዋል? ‹ባለመቃብሩ ለጊዜው ወጥተዋል፤ በክፍል ሦስት ይመለሳሉ›? ወይስ እሳቸውም መንታ ወንድም ያመጡላቸው ይሆን? ይችሉበታል እኮ። ያንን ፊልም የጻፉት ሰዎች እሳቸውን ቢያማክሩ ኖሮ እንደ ትናንቱ ባልተዋረዱ። እነሱ አንድን ሟች ሦስት ሰዓት ማቆየት አቅቷቸው ሰው አዛጋባቸው። እሳቸው አንዲት ጆንያ ይዘው ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሳያዛጋ አቆዩ! ታዲያ ተዋናዩ ማን ነው? ሽልማቱ የሚገባውስ ለማን ነው?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማ ነበር። የኛው ግን በትራክተር ባትሪ ጠራ።

እኔ ሰው አላባርርም፤ ታውቀኛለህ። እንዲያው በአጋጣሚ ከተገናኛችሁ… ቤተሰብ ናችሁ መቼም፣ አትጠፋፉም… የጎጆውን ቆርቆሮ ሲያወርዱ በትራክተሬ የፈለጉበት ድረስ አደርስላቸዋለሁ በላቸው። ዶሮዎቹንም አንድ በአንድ ቆጥረን እንጭናለን፤ የሚቀር የለም። መቃብሩ ላይ የሰቀሉትን ባንዲራ ግን በእጃቸው ይያዙት፤ መንገድ ላይ ንፋስ አለ።

ደግሞ ቂም የያዝኩ እንዳይመስላቸው። ክፉ አልመኝላቸውም፤ በበዓል ምድር ክፉ የሚመኝ ሰው ሰው ነው? አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ጤና ይስጣቸው። ሚስታቸውን አያሳዝንባቸው። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ… መቼም ሁላችንም ሟች ነን… ሰው ከሩቅ መጥቶ የሚያለቅስበት ያማረ መቃብር ይስጣቸው። ከሁሉም በላይ ግን ፊካ፣ ሞቱ ሲባል ሰው ይመናቸው። አሜን በል እንጂ!»

ፊካ አሜን ሳይል ኑር ሰመንድ ፎጣውን ከአንገቱ አውልቆ ተነሣ። ቀኝ ጢሙ ገና አልተነካም ነበር።

ቤቱ ገብቶ ገመድና አራት ችካል ወሰደ፤ መዶሻውን ትከሻው ላይ አደረገ። ሱግራን ጠራት። ተከተለችው። ግራሩ ጋ ሲደርሱ እግሯ ቆመ፤ እሱ ግን የገመዱን ጫፍ ዘረጋላትና «ያዢ» አላት። ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። ያዘች።

ሦስቱን ችካሎች በሦስቱ ማዕዘን ተከለ። አራተኛው መቃብሩ መካከል ላይ ዋለ። ኑር ሰመንድ መቃብሩን የሸፈነውን አረንጓዴ ጨርቅ አንሥቶ አጥፎ የጠባቂው ጎጆ ደጃፍ ላይ አኖረው፤ ተመልሶ መዶሻውን አነሣ። ችካሉ በሁለት ምት ገባ። በማግስቱ ማለዳ ጡብ አስጫነ።