ጋሼ ድገሙትና የደበቅኳቸው ኪኒኖች

እስኪ ተቀመጡ፤ እኔ ብቻ ብቆም ይበቃል። ካርድ ክፍል መስኮት ሥር ስንት ዓመት "ተራ ጠብቁ" ስል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ዛሬ ጋሼን በጡረታ ስንሸኝ ግን ተራው የእኔ ነው።

ጋሼ ድገሙት የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ሆስፒታል ሲመጡ መጀመሪያ ያገኙት እኔን ነው። አንድ ቀጭን ሰውዬ ቦርሳ አንጠልጥለው መስኮቴ ፊት ቆሙ። ቀና ብዬ ፊታቸውን እንኳ ሳላይ ስምና ዕድሜ ጠየቅኩ፤ ነገሩኝ። ካርድ አወጣሁላቸውና "አግዳሚው ላይ ይጠብቁ" አልኳቸው። አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቁ። ነርሷ አስገብታ "ምንዎን ነው የሚያምዎት?" ብትላቸው "ምንም አያመኝም፤ ላብራቶሪ ሥራ ልጀምር ነበር" አሏት። ሮጬ ሄጄ "ታዲያ ምነው ዝም አሉ?" ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

"ወረፋው እንዴት እንደሚሄድ ልይ ብዬ ነው። ቀርፋፋ ነሽ።"

ትውውቃችን ይኸው ነው።

ስሙን ያወጡላቸው የላብራቶሪ ልጆች ናቸው። ማሽኑ ውጤት ባወጣ ቁጥር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው "ድገሙት" ይላሉ። ሲደገም ያው ይሆናል፤ "ድገሙት" ይላሉ። አንድ ቀን ክበብ ውስጥ ሻያቸውን ፉት ብለው ዝም ቢሉ፣ ልጆቹ አስተናጋጇን በአንድ ድምፅ "ድገሚው" አሏት።

ደግሞ ያቺ ሌላዋ አመላቸው አለች። ቁጥሩ አልዋጥ ሲላቸው ብልቃጡን ይዘው ኮሪደር ይወጡና "የዚህ ደም ባለቤት ማን ነው?" ይላሉ። ሰው ሁሉ ክው ይላል። አንዲት ሴትዮ በድንጋጤ "ኧረ እኔ አይደለሁም፣ እኔ ሽንት ነኝ" ያለችው አይረሳኝም። አለቃችን "የላብራቶሪ ሰው ላብራቶሪው ውስጥ ይቀመጥ" ብለው ስንቴ ተቆጥተዋል። የእሳቸው መልስ አንድ ነው፤ "ቁጥር ፊት የለውም። ፊቱን አይቼ ልመለስ።"

እኔም ከናንተ ጋር ስስቅባቸው ነበር፤ የገዛ ባሌን ደም ይዘው እስኪወጡ ድረስ።

ባለቤቴ ያው፣ እዚያ ጥግ በረዶ የሚቆረጥመው ነው። ሰውነቱ ቀይ የደም ሴል ያለ ልክ የሚያመርትበት ሕመም አለበት። ደሙ ወፍሮ እንዳይረጋበት በየጊዜው ይቀዳለታል። የዛሬ ስድስት ዓመት ሰውዬው ድካም በድካም ሆነ፤ ደረጃ ለመውጣት ሁለቴ ያርፋል። እኔ ደግሞ ካርድ ስለማመላልስ ራሴን ግማሽ ሐኪም አድርጌያለሁ። ወረቀቱን ገልጬ ባየው "ብረት በጣም ዝቅተኛ" ይላል። ካነሰ ይሞላል፤ ምን ይጠየቃል? የብረት ኪኒን ገዛሁና "ቪታሚን ነው፣ ዋጥ አድርግ" እያልኩ ሁለት ወር ሙሉ ሰጠሁት። ትንሽ ነቃ አለ። እኔም ኮራሁ።

የቀጠሮው ዕለት ጋሼ ሦስት ጊዜ አስደግመው ሲያበቁ ብልቃጧን ይዘው ወጡ። ባሌ እጁን አወጣ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

"ምን እየወሰዱ ነው?"

"ምንም። ቪታሚን ብቻ። እሷ የምትሰጠኝ።"

እኔ እስክሪብቶ ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ።

"ውጪ" አሉኝ። "እስክሪብቶው ጆሮሽ ላይ ነው።"

ወደ ውስጥ ወስደው ውጤቱን አሳዩኝ። በደሙ ውስጥ የቀዩ ሴል ድርሻ አርባ አራት በመቶ የነበረው ሃምሳ ሁለት ገብቷል። ቪታሚን ያልኩት ብረት መሆኑን ተናዘዝኩ። "ብረቱ በመቅዳት እንዲያንስ የተደረገው ሰውነቱ ቶሎ ቶሎ ደም መሥራት እንዳይችል ነው። እኛ በታች እንቀዳለን፣ አንቺ በላይ ትሞያለሽ" አሉኝ።

"ወረቀቱ አንሷል ይላላ፣ ጋሼ።"

"ወረቀቱ አልዋሸም። ለሌላ ሰው ቢሆን ደግ ሠራሽ እልሽ ነበር። ለእሱ ግን ይሄ ውፍረት ጭንቅላቱ ውስጥ ሄዶ ሊረጋ ይችላል። አሁኑኑ ለዶክተሩ ንገሪ። ካልነገርሽ እኔ እገባለሁ።"

ሄጄ ለዶክተሩ ነገርኩ። እዚያው ተቀዳለት፤ ኪኒኑም ቀረ። ያን ዕለት ወረቀቱ ብቻውን ቢሄድ ዶክተሩ "ቅዱለት" ብሎ ያሰናብተው ነበር፤ እኔም ቤት ገብቼ መሙላቴን እቀጥል ነበር። ጋሼ ይህን ነገር ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ዛሬ በእናንተ ፊት አሳልፌ የሰጠሁት ራሴን ነው፤ ስድስት ዓመት ከብዶኛል። አሁንም ብረቱ ዝቅ እንዳለ ነው፤ በረዶ የሚያሰኘውም እሱ ነው። ይቆርጥም። ድምፁን ስሰማ፣ ጋሼ፣ እርስዎን አመሰግናለሁ።

ይህቺን ያዩዋታል? መጀመሪያ የመጡ ዕለት ያወጣሁልዎት ካርድ ናት። ስም አለ፣ ዕድሜ አለ፤ ከዚያ በታች ባዶ። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች።

በሉ ብርጭቆ አንሡ። ጋሼ፣ እርስዎም ብርጭቆውን እንደ ደም ብልቃጥ ማዘንበሉን ይተዉት፤ ጭማቂ ነው። የእኛን ሰው ፊት አይተው እንደመለሱልን የልጅ ልጆችዎን ፊት እያዩ ይክረሙ። ይህቺም ካርድ እንደዚሁ ባዶዋን ትኑር። ለጤናዎ።

ጠጣችሁ? እሳቸው በአንድ ጊዜ አያምኑም። ድገሙት።