ሙሽራዋን ማን ያድርሳት? ካማሮው ወይስ ማስታንጉ?

ቬርና እህቴ፣ እንዴት አደርሽ? ዘንድሮስ የኦሃዮን ፀሐይ አልቻልናትም እኮ! ነይ፣ ጥላው ውስጥ ግቢ። ሆት ዶጉን ቀመስሽው? ሰናፍጩን አብዝተውበታል።

እሰይ፣ ልጅሽ ካሪሊን ነገ ልታገባ ነው! በየትኛው መኪና እንደምትሄድ ገና አልወሰንሽም አሉ… እኔ ካማሮዬን አቅርቤያለሁ፣ ያ ማዶ የቆመው ወዳጃችን ደግሞ ማስታንጉን። አይዞሽ፣ አላኮርፍም። እውነቱን ልንገርሽ? የኔን ከሱ ጋር ማወዳደሩ ራሱ ነውር ነው።

የኔዋ ምን አላት? በሯ ሽቅብ ካላነሡት አይዘጋም። ስትነሣ ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች። ባለፈው ሳምንት ጭቃ ገባች፣ ከዚያ በፊት የልጅ ልጄ አይስክሬም ደፋባት። የሱ ግን… አንዲት ጭረት ታገኚበታለሽ? የት ሄዶ ይጫር! እዚህ የአሮጌ መኪና ትርኢት ድረስ እንኳ በተሳቢ ተጭኖ ነው የመጣው። አስፋልት አያውቅም፣ ጨዋ ነው። አየሽው፣ አሁንም እየወለወለው ነው… ይስማ፣ ሰውን ማመስገን ምን ክፋት አለው?

ጥንቃቄውስ! የትርኢቱ ዳኞች ዕቃው ተቀይሯል ብለው ነጥብ እንዳይቀንሱበት ብሎ፣ ከፋብሪካ አብረውት የወጡትን ጎማዎች እስከ ዛሬ አልቀየረም። ሃምሳ አምስት ዓመት! ካንቺ ቢያንሱ ጥቂት ነው… ውይ፣ ይቅርታ እህቴ፣ ዕድሜሽን አላወጣሁም። ተሰነጣጥቀዋል የሚሉ ምቀኞች አሉ። እኔ ምን አገባኝ? ቤተ ክርስቲያኑስ ቢሆን ስንት ማይል ነው? አሥራ አራት? እሱማ ምን አላት… ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን ቬሎዋን ሰብስባ በእግሯ።

ኧረ እኔስ ለልጅቷ ነው ሆዴ የሚባባው። ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ የጁላይ አራትን የነፃነት በዓል ሰልፍ ያሳየኋት ልጅ ናት፤ ሙሽራው መሠዊያው ፊት ቆሞ ሰዓቱን ሲያይ እንዲውል አልፈልግም። ግን አንቺ እንዳሻሽ፣ እሱንም ምረጪ፤ ቅር እንዳይለው።

ሚስቱስ፣ ያቺ ታጣፊ ወንበር ላይ ሹራብ የምትሠራው፣ ምን የመሰለች ትዕግሥተኛ ናት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየትርኢቱ በራሷ መኪና ከኋላው ስትከተለው አንድ ቀን አጉረምርማ አታውቅም። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣት… አንዲት ቀን እንኳ ማስታንጉ ውስጥ ከባሏ ጎን ተቀምጣ ለመሄድ ያብቃት! አሜን በይ እንጂ፣ ቬርና።