ተንሳፋፊው መዝገብ

ሚስተር ዴዝሞንድ ትዌይት ከዝናቡ ሸሽተው አውቶቡስ መጠበቂያው ጥላ ሥር ሲገቡ የጎረቤታቸውን ልጅ፣ አስተማሪዋን ሄዘል ፒካፕን አገኟት። የክት ልብሷን ለብሳለች፤ ዓይኗ ግን በለቅሶ ቀልቷል። እንደ አገሩ ወግ መጀመሪያ ዝናቡን አሙ። ከዚያ ከየት እንደመጣች ቢጠይቋት፣ ከወንጀል ችሎት ነው አለች። ካቻምና አንድ ጎረምሳ መንጋጋዋን ሰብሮ ቦርሳዋን ነጥቋታል። ለምስክርነት ስትጠራ ይህ ሦስተኛዋ ነው፤ ሦስቴም ቀኑን ሙሉ ተጎልታ «ዛሬ አልደረሰም» ተብላ ተመልሳለች።

«በቃኝ፣ ሚስተር ትዌይት። ነገ ደውዬ አልመሰክርም እላቸዋለሁ።»

ሽማግሌው ደነገጡ። እሷ ከቀረች ጎረምሳው እጁን እያወናጨፈ በነጻ እንደሚሄድ ያውቃሉ፤ ጸጉራቸው የሸበተው ዛሬም በሚሠሩበት በዚያው ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲደለድሉ ነው። መዝገቡ «ተንሳፋፊ» ሆኖ እንደሆነ አስረዷት። ተንሳፋፊ የሚባለው ችሎት ሳይመደብለት የሚጠራ ጉዳይ ነው። የሌላው ቀጠሮ ከተሰረዘ ይገባል፤ ካልተሰረዘ ባለጉዳዩ ወደ ቤቱ። ዳኛው ጥቂት፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ የመዝገቡ ክምር የትየለሌ መሆኑንም ዘረዘሩላት።

«እንዲህ ካላደረግን፣ ልጄ፣ ዳኛው ሥራ ፈቶ ይውላል።»

«ዳኛው ሥራ እንዳይፈታ እኔ ሥራዬን ልፍታ? የማስተምራቸው ልጆች የሉኝም? እንዲህ ያለውን ደንብ ማን አወጣው?»

 ሚስተር ትዌይት የተከሳሹን ስም ጠየቋት።

«ክሬግ ዶብሰን።»

ያንን ስም ከተንሳፋፊዎቹ ተርታ ሦስቴም በገዛ እጃቸው ጽፈውታል! በቀጠሮ ሰሌዳው የሚጻፈው የተከሳሽ ስም ብቻ ነው። መንጋጋው የተሰበረው ሰው ስም የለውም። ይህ ነው እንግዲህ ሥርዓት የሚባለው! የደበደበ ይጻፋል፣ የተደበደበ ይጎለታል። አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት ወደው አይደለም፤ ሰውን የሚያንገበግበው ጉዳቱ ሳይሆን ንቀቱ ነው።

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ሄዘል ትክ ብላ አየቻቸው። «የእሱን ስም ሲጽፉ የእኔ ስም የት ነበር?»

 ከመደወሏ በፊት አንድ ቀን ብቻ እንድትታገሳቸው ለመኗት።

በማግስቱ ፍርድ ቤቱን የሚመሩት ዳኛ ሮዛሊንድ ኪዮ ዘንድ ቀርበው ተናገሩ። ችሎት ሳይያዝለት ማንም አይጠራ፤ የተጎጂውም ስም በእኛው የሥራ ሰሌዳ ላይ ይስፈር አሉ። ዳኛዋ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ችሎቱ ባዶ ከዋለ ለበላይ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት ብለው አስጠነቀቋቸው።

«ልጠየቅ፣ ክብርት ዳኛ። ባዶ ወንበር አያለቅስም።»

ዳኛዋ ለጊዜው ይሞከር አሉ። እውነትም አንዳንድ ከሰዓት ችሎቱ ባዶ ዋለ፤ ከበላይም ቁጣ መጣ። ነገር ግን ምስክሮች ተስፋ ቆርጠው መቅረታቸው ቀነሰ፣ ጥፋተኛም ሰው አሰልችቶ ማምለጥ ተሳነው፣ ያለጥፋቱ የተከሰሰውም ስሙን ቶሎ አጠራ።

ሄዘል በተቆረጠላት ቀን ገባች፣ ተሰማች፣ ከምሳ በፊት ወጣች። ሚስተር ትዌይት ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ዛሬስ ስሜ የት ነበር?» አለቻቸው።

«ከእሱ ስም በላይ፣ ልጄ።»