የዱባለ መኪና አይጥ

እስቲ ጸጥታ! ጩማ፣ ያን ሥጋ አስቀምጠው፤ የትም አይሄድም። ዳጣውም አይሄድም። ለእትዬ ፈጠነች መሸኛ ንግግር አድርግ ያላችሁኝ እናንተው ናችሁ፤ እንግዲህ እያላመጣችሁም ቢሆን ስሙ።

እትዬ ፈጠነች ወደዚህ ጋራዥ የመጡት የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ነው፤ ከትምህርት ቤት ላብራቶሪ ወደ እኛ ዕቃ ቤት። ነጭ ጫማ አድርገው! ጋራዥ ውስጥ ነጭ ጫማ! እኔ ለጩማ፣ «ይቺ ሴትዮ ሳምንት አትሞላም» አልኩት። መሄዳቸው እንዲፈጥንልኝም ብዬ በመስኮታቸው አንገቴን አስገባሁና፣ «የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ይስጡኝ» አልኳቸው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ እንደሌለው እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከባለቤቱ ከጋሽ ከሊል በቀር። ይቅርታ ጋሼ። እሳቸው መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ሲበረብሩ እኛ ውጭ ሆነን በሳቅ ፈረስን። ከሰዓት በኋላ ግን ወረቀት ይዘው መጡ።

«ሚልክያስ የምትባለው አንተ ነህ? የናፍጣ ካንዴላ መጠየቅህን እዚህ ላይ ፈርምልኝ።»

ጋሽ ከሊል አጠገቤ ቆመዋል። ፈረምኩ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

ከዚያ ያ ማሽን መጣ፤ መሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ ሲሰኩት የመኪናውን ችግር በኮድ የሚናገረው። አቤት የነበረው ሽር ጉድ! ቤኒ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ከኦቶና ሆስፒታል እስከ መናኸሪያ ዞረበት፤ ዶክተር ሆነ ብለን ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። አምስት መካኒክ ከበን ቆመን አንዱ ሌላውን «አንተ አንብበው» ይላል። ጩማ ደግሞ ገልብጦ ነው የያዘው። «መነጽሬን ረስቼ ነው» አለ። ጩማን በመነጽር ያየ ሰው እዚህ አለ? በመጨረሻ ከዕቃ ቤት ወጥተው ያነበቡልን ባለ ነጭ ጫማዋ ናቸው።

ደንበኞቻችንስ ቢሆኑ! ከራሱ በፊት የተወለደች መኪና ይዞ ይመጣና፣ «በኮምፒውተር ትታይልኝ» ይላል። ሶኬት የላትም ስንለው ይቆጣል። «ለሌላው ሲሆን ታያላችሁ፣ ለእኔ ሲሆን ሶኬት የላትም?» ቤኒ አንዱን እንዴት እንደገላገለው ታስታውሳላችሁ። ማሽኑን ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰክቶ መብራት አበራለት። ሰውዬው ደስ ብሎት መንገድ ጀመረ! እትዬ ፈጠነች ከበር መልሰው፣ «ልጄ፣ መኪናህ ኮምፒውተር የላትም፤ መታየት ያለበት ካርቡራተሯ ነው» አሉት። ቤኒ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። ምን ያኮርፋል?

እኛም ከደንበኞቹ አልተሻልንም። ማሽኑ የሴንሰር ስም ከጠራ ሴንሰር መቀየር፣ ኮዱን ማጥፋት፣ መብራቷ ስትጠፋ እጅ ጠርጎ «አለቀ» ማለት። ሃያ ዓመት ኮረኮንች ላይ የተንገላታች መኪና ሽቦዋ ደርቆ፣ ብሎኗ ዝጎ እኛ ሴንሰር እንቀይራለን። መካኒክ ተብለን! እትዬ ፈጠነች ግን ዕቃ እንዲህ በቀላሉ አይሰጡም።

«ማሽኑ ሴንሰሩ ተበላሽቷል አላለም። ከሴንሰሩ የሚመጣው ልክ አይደለም ነው ያለው። ሽቦውን አየኸው?»

«አየሁት።»

«በምን?»

«በዓይኔ።»

«በቴስተር ለካኸው ወይ ነው የምልህ።»

ቤኒ በእንቅልፍ ልቡ «ለካሁ፣ ለካሁ» እንደሚል ሚስቱ ነግራናለች። ያ ደብተራቸውስ? በግራ ማሽኑ ያለው፣ በቀኝ መጨረሻ ላይ የተገኘው እውነተኛ ጥፋት። «ዛሬ መዝሙር ቁጥር ስንት ነው?» እያልን አፌዝንባቸው። የመኪናው ጥፋት አልገኝ ሲለን ግን ምሳ ሰዓት ጠብቀን ተደብቀን እናነበው ነበር። ጩማ አትሳቅ፤ አይቼሃለሁ።

አሁን ወደ አይጡ ልምጣ። ደንበኛችን የሻንቶው ዱባለ ያው፣ እዚያ ተቀምጧል። ቪትዙን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ቤቱ የሚተዳደረው በእሷ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ነዳጅ እየጨረሰች፣ ዳገት ላይ እየተንቀጠቀጠች መጣች። ማሽኑ ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር ጠራ። እትዬ ፈጠነች «ሽቦውን ለካኸው?» አሉኝ። «ለካሁት» አልኩ። ቀየርኩ። በሁለት ሳምንቷ ተመለሰች። «ለካኸው?» «ለካሁት።» ደግሜ ቀየርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ ዱባለ ግቢው መሀል ቆሞ፣ «በቃኝ! ፈታተው ለሚሸጡት እሰጣታለሁ» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ያኔ እትዬ ፈጠነች የእጅ ባትሪ ይዘው ወጡ። ካርቶን አነጠፉና በዚያ ነጭ ጫማ መኪናዋ ሥር ገቡ። ሲወጡ፣ «ሽቦው ተልጦ ሊበጠስ ደርሷል» አሉ።

«ምን ላጠው?» አለ ዱባለ።

መጀመሪያ እኔን አዩኝ። ከዚያ «አይጥ ይሆናል» አሉት።

ጋራዡ በአይጥ አበደ! ጋሽ ከሊል ድመት አመጡ፤ ያቺ ጠረጴዛው ሥር አጥንት የምትጠብቀው ናት። ጩማ ወጥመድ ሠርቶ የገዛ ጣቱን ያዘበት። እኔም አብሬ አይጥ ፈለግኩ። አዎ፣ ተንበርክኬ፣ በባትሪ።

ትናንት እትዬ ፈጠነች ደብተሩን ሰጡኝ። «አንተ ጋ ይሁን» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፤ ቤቴ እንደገባሁ መጀመሪያ የፈለግኩት የዱባለን ገጽ ነው፤ ቀድጄ ላወጣው። አገኘሁት። በግራ ኮዱ አለ። በቀኝ «አይጥ» የሚል አልነበረም። እንዲህ ይላል፦ «ሽቦው በፒንሳ ተቆንጥጧል። ሚልክያስ ነገ ይነግረኛል።»

ሰባት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ ሚልክያስ?» ይሉኝና ትንሽ ቆም ይሉ ነበር። ጉልበታቸውን አሟቸው ይመስለኝ ነበር።

ዱባለ ወንድሜ፣ አይጥ የለም። ከዚያ በፊት የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ ስበይድልህ የሴንሰሯን ሽቦ በፒንሳ የቆነጠጥኩት እኔ ነኝ። ስቸኩል በጥቁር ናስትሮ ጠቅልዬ ተውኩት። በሁለተኛው ጊዜ ጠርጥሬ ነበር፤ ያልለካሁት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እንዳላውቅ ብዬ ነው። ስለ ሁለቱ ሴንሰሮች ዋጋ ዛሬውኑ፣ ከዚህ ሳንወጣ እንነጋገራለን። እናንተም ሳቁብኝ፤ ስስቅባችሁ ነው የዋልኩት። ያ ማሽን እንኳ ያልለካውን ለካሁ አይልም።

እትዬ፣ ያን ቀን ስሜን ቢጠሩ ከዚህ ግቢ ወጥቼ ነበር፤ አፍሬ ወደ ሶዶ ከተማም አልመለስም ነበር። እርስዎ ግን እኔው እስክናገር ጠበቁኝ። እዚህ ከተማ ያለ ዕዳ ቀና ብዬ የምሄድ እየመሰለኝ በእርስዎ ትዕግሥት ነው የኖርኩት። ጋላታይስ! ከልቤ አመሰግናለሁ።

ደብተሩ ይኸው፤ እስክሪብቶም ይኸው። በቀኝ በኩል ካለው ጽሑፍ ሥር የዛሬን ቀን ይጻፉልኝና «ነገረኝ» ይበሉ። ያ ካርቶን ውስጥ ያለው ስጦታ ደግሞ ነጭ ጫማ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፤ በዓይን አይደለም፣ ተለክቶ ነው የተገዛው።

በሉ ሁላችሁም ለስላሳችሁን አንሡ! ለእትዬ ፈጠነች! ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን፤ ጉልበትዎን ያበርታው፤ ጡረታዎ የልጅ ልጅ የሚያዩበት ይሁን! ለድመቷም አንድ ደህና አጥንት ጣሉላት፤ ምስኪን፣ ሰባት ዓመት ያደባችው በሌለ አይጥ ላይ ነው።