ባለ ቀይ ክዳኑ ጠርሙስ

(ደብረ ብርሃን፤ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ ባለው እሑድ ረፋዱ ላይ። አቶ ጌጡና ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ፣ ልጃቸውን ማኅደርን ለናሁሰናይ ሊጠይቁ የሚመጡትን ሽማግሌዎች እየጠበቁ በተሰናዳው ማዕድ ፊት ይጨቃጨቃሉ።)

ጌጡ፦ አይቀርብም አልኩ፤ አይቀርብም። ይሄ በፎጣ የጠቀለልሽው ጠርሙስ እኔ እያለሁ እንግዳ ፊት አይደርስም።

አስካለ፦ ድንቹ ተቀቅሎ፣ ቃሪያው ተከትፎ እሱን ነው የሚጠብቀው። ያለ ማዮኔዝ ምን ሊሆን ነው? የበሽተኛ ምሳ?

ጌጡ፦ ድንች በሚጥሚጣ ሲበላ የኖረ አገር ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ይሄ ለቅበላ ብለሽ፣ ስልክ ላይ እያየሽ የመታሽው አይደለም እንዴ?

አስካለ፦ ጠርሙሱ ያው ነው። ባለ ቀይ ክዳኑ።

ጌጡ፦ ታዲያ ጾም ሲገባ የተሠራ ነገር ጾም ሲወጣ ለሰው ይሰጣል? ጥሬ እንቁላል እኮ ነው።

አስካለ፦ ማን ነክቶት? ቤቱ በሙሉ ጿሚ። ያልተነካ ነገር ምን ይሆናል? እሱም አብሮን ጾመ ማለት ነው።

ጌጡ፦ እንቁላል አይጾምም፣ አስካለ፤ ይበላሻል። እያደር የሚጠራው እውነትና ንጋት ነው እንጂ ማዮኔዝ አይደለም።

አስካለ፦ ጥሩ ተረት አመጣህ። አስቀምጠው፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ጌጡ፦ ለምን ያስፈልገናል?

አስካለ፦ እንዲያው ነው። ደግሞስ ያለነው ደብረ ብርሃን፤ ወሩ ነሐሴ። በዚህ ብርድ ፍሪጅ ከማስገባት ደጅ ማሳደር ይሻላል።

ጌጡ፦ መብራቱስ? ስንቴ ሄዶ ስንቴ መጣ? ፍሪጁ ቁም ሳጥን ሆኖ የሰነበተበት ጊዜ ነበር። ይሄ ነገር በደህናው ፍሪጅ እንኳን ከሦስት አራት ቀን አያልፍም። ከዚያ ወዲያ የቀመሰው ሰው አለቀለት። ሆድ ይገለብጣል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ግድግዳ እያስደገፈ ሽንት ቤት ያመላልሳል።

አስካለ፦ ግድግዳ እያስደገፈ?

ጌጡ፦ ይባላል።

አስካለ፦ ማነው የሚለው?

ጌጡ፦ ሬዲዮ ላይ ሰምቼ ነው። የጤና ዝግጅት አለ።

አስካለ፦ ሬዲዮናችን ባትሪ የጨረሰው ክረምቱ ሳይገባ ነው። እኔ ግድግዳ ተደግፎ ሲመላለስ ያየሁት ሰው አንተን ብቻ ነው፤ በጾሙ እኩሌታ።

ጌጡ፦ የእኔማ ምክንያቱ ይታወቃል። የናሁሰናይ እናት፣ የሻረግ፣ «ለጾማችሁ» ብላ የላከችው ስልጆ ነው። ባቄላውን በወጉ ሳታብላላ፣ ሰናፍጩን ዝም ብላ ደፍታበት። ስልጆ መሥራት ከማይችል ቤት ጋር ዝምድና የለኝም። ሽማግሌዎቹንም ዛሬ የምላቸው ይህንኑ ነው፤ እንደቆሙ ይመለሳሉ።

አስካለ፦ ከዚያው ስልጆ እኔም በላሁ፣ ማኅደርም በላች። ማኅደርማ ከሱባኤ ስትመለስ ሳህኑን ጠርጋ ነው የበላችው። እኛን ምነው ሳይነካን?

ጌጡ፦ የሴት ሆድ ጠንካራ ነው።

አስካለ፦ ይሄስ እውነት ነው፤ ስንቱን ችሎ የሚኖር ሆድ ነው። አንተ ግን በእንጀራ ጫፍ ነክተህ «አቃጠለኝ» ብለህ የገፋኸው አይደለም?

ጌጡ፦ ለተመረዘ ነገር ጫፉ ይበቃል።

አስካለ፦ ለእድርተኛው ነገርክ፣ ለሰንበቴው ነገርክ፣ ወፍጮ ቤት ለተሰለፈው ሁሉ «የየሻረግ ስልጆ ሊገድለኝ ነበር» ብለህ አወራህ። ሴትዮዋ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ነው የምትሄደው። እኔ በጣም አፍሬያለሁ፣ ጌጡ።

ጌጡ፦ እውነት ለተናገርኩት ምን ላድርግ። አሁን ሰዓቱ ሄዷል፤ ይሄን ጠርሙስ አንሽልኝ።

አስካለ፦ እስቲ ከፍተህ አሽትተው። ምናልባት ደህና ይሆናል።

ጌጡ፦ ሽታው አያስታውቅም፤ ተንኮሉም እሱ ነው። ሎሚው ይሸፍነዋል። ምላስ ላይ እንደ ቅቤ ነው፣ ለዳቦማ እንዴት ያለ ነገር መሰለሽ። የሚነሣው ሲያድር ነው።

አስካለ፦ ለዳቦ?

ጌጡ፦ ይባላል ነው የምልሽ።

አስካለ፦ ባትሪ በሌለው ሬዲዮ።

ጌጡ፦ ቃል እየለቀምሽ አታድርቂኝ እንግዲህ።

አስካለ፦ ካፍ ከወጣ አፋፍ። አንተ የጎረቤት ሕፃን ብስኩት ስትበላ «ወተት አለበት» ብለህ ከአፏ ያስጣልክ ሰው፣ የዚህን ጣዕም ከእኔ ከሠራሁት በላይ ታውቀዋለህ።

ጌጡ፦ ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?

አስካለ፦ አንተ አልጋ በያዝክ ጊዜ ፍሪጁን ላጸዳ ብከፍተው ጠርሙሱ እስከ ወገቡ ጎድሏል። ውስጡ የዳቦ ፍርፋሪ አለ። ማኅደር ናት እንዳልል ሱባኤ ገብታ ደብር ነበረች። አይጥ ናት እንዳልል ክዳኑ ተመልሶ ጠብቆ ተዘግቷል።

ጌጡ፦ ድመቷ ትሆናለች። ያቺ ድመት የማታውቀው ነገር የለም።

አስካለ፦ ትሆናለች። ማንኪያውን የካፖርትህ ኪስ ውስጥ ረስታዋለች።

ጌጡ፦ አንቺ ሴት፣ እንግዳ ደጅ ሊደርስ ያለፈ ነገር ትቆፍሪያለሽ?

አስካለ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ስለ ጾሙ አልጣላህም፤ መግደፍህን ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገሩበት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ስትል ግን ዝም አልልም። ልጄ የወደደችውን ሰው በአንድ ማንኪያ ማዮኔዝ ልታጣ ነው።

ጌጡ፦ ታዲያ ምን ልበል? ሽማግሌ ፊት ቆሜ «ተደብቄ እንቁላል በላሁ» ልበል? የሰንበቴው ሙሴ፣ መሪው እኮ ነኝ። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል?

አስካለ፦ አንድ ቃል አትናገር። ይኸው፣ የሻረግ ያን ሁሉ ሐሜት ችላ ለዛሬም ስልጆ ልካለች። እሱን በግራህ አድርጌዋለሁ፤ ጠርሙሱ በቀኝህ ነው። አባወራ ሳይቀምስ እንግዳ እጁን አይሰድም። እነሱ ፊት ከሁለቱ አንዱን ጎርሰህ ማዕዱን ትከፍታለህ። የጎዳህን አትንካው፤ ያልጎዳህን ጉረስ።

ጌጡ፦ ሁለቱንም ብተዋቸውስ?

አስካለ፦ እንግዲያው የሽማግሌዎቹን አለቃ፣ አቶ ወንድይራድን፣ ከጠርሙሱ እኔ በእጄ አጎርሳቸዋለሁ። ከዚያ የሚመጣውን ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ።

ጌጡ፦ ሰውዬው ሰማንያ የተጠጉ ናቸው፤ እንዴት ይችሉታል?

አስካለ፦ ምኑን? ያልተነካ፣ አብሮን የጾመ ማዮኔዝ ነው።

ጌጡ፦ አስካለ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ።

አስካለ፦ እመቤቴንማ በጾሟ ነበር ማሰብ። ስማ፣ በሩ ተንኳኳ። ቆመው ነው የሚጠብቁት፤ ቁጭ በሉ የምትላቸው አንተ ነህ።

ጌጡ፦ ለማንም አትነግሪም?

አስካለ፦ እሱ በጉርሻህ መጠን ነው።

ጌጡ፦ በይ፣ ስልጆውን አስጠጊልኝ። እንጀራም ጨምሪበት።

አስካለ፦ ማኅደር፣ በሩን ክፈቺላቸው፤ አባትሽ ቁጭ በሉ ብሏል። ይሄን ጠርሙስም ወስደሽ ድንቹ ላይ ገልብጪው፣ ዛሬ ጠዋት የመታሁት ነው።