ሃምሳ ቀን የኖረች

ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ቄስና ቦርሳውን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ወጣት ተቀምጠዋል።

«ከመንደራችሁ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኸው አንተ ነህ አሉ። ሐኪም ሆንህ?»

«አይ አባ፣ ስታቲስቲክስ ነው የተማርሁት። ለጤና መምሪያ ቤት ለቤት እየዞርሁ የተወለደና የሞተ ሕፃን እቆጥራለሁ።»

«ይኼንንማ እኛም እንቆጥራለን፤ ያውም ያለ ዲግሪ!»

«ክርስትና ሳይነሣ የሞተውን ግን አትቆጥሩም።»

«ስም ሳይወጣለት የሄደ ምን ተብሎ ይቆጠራል?»

«እናቶቹም እንደ እርስዎ ናቸው፤ የተጠመቁትን ብቻ ነው የሚነግሩኝ። ትናንት ተራው የእኛ ቤት ሆነና እናቴን ስንት ወለድሽ አልኋት።»

«ስንት አለችህ?»

«‹አንድ፣ አንተን ብቻ› አለችኝ። ታናሽ እህቴ ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ሳትነሣ በሃምሳ ቀኗ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። አቅፌያት አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ብለህ ጻፍህ?»

«አንድ። እናት ያልነገረችንን መጻፍ አይፈቀድልንም።»

«ደግ አደረግህ። እናትህን አታስጨንቃት።»

«አላስጨንቃትም አባ። ግን እሷ ካላነሣቻት፣ ልጅቱን የማውቃት እኔ ብቻ ነኝ።»

እኔም የእናቴን ልጆች በልቤ ቆጠርሁ፤ ከዚያም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁ።